ከቢዝነስ ቴክኖሎጂና ከዳታ ትንተና ኢሌክቲቮች ሁለት ብቻ መውሰድ የሚችል ተማሪ የትኞቹን ቢመርጥ ይሻላል?

የሆጤ ልጅ (ጠያቂ)

እንደምን ሰነበታችሁ። ደሴ ከተማ የአካውንቲንግና ፋይናንስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ሁለት ኢሌክቲቭ ኮርሶች እንድንመርጥ ቅጽ ታድሎናል። የቀረቡልን አምስት ሲሆኑ እነሱም ዳታቤዝ (መረጃን በተያያዙ ሠንጠረዦች በሥርዓት መያዝ)፣ የቢዝነስ ዳታ ትንተና፣ ኢ-ኮሜርስ፣ የኢአርፒ (የድርጅትን ግዢ፣ መጋዘንና ሂሳብ በአንድ ሶፍትዌር የሚያገናኙ) ሥርዓቶች መግቢያ እንዲሁም ታይም ሲሪስ (በጊዜ ቅደም ተከተል የተመዘገበ መረጃ) እና ትንበያ ናቸው። ቅጹን እስከ ዓርብ መመለስ ይኖርብኛል።

ከክፍላችን አብዛኛው ተማሪ ኢ-ኮሜርስን ለመውሰድ ወስኗል፤ ንባብ ስለሚበዛበት በቀላሉ ጥሩ ውጤት ያስገኛል ይባላል። ሁለተኛ ምርጫቸው የዳታ ትንተና ነው፤ በሥራ ማስታወቂያ ላይ ስሙ እየበዛ በመምጣቱ። እኔ ግን ስሙን ብቻ አይቼ መምረጥ አልፈለግሁም። ስመረቅ ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች ወይም ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ድርጅቶች በአንዱ በሂሳብ ሥራ መቀጠር እፈልጋለሁ፤ ይህ ባይሳካ ደግሞ ሰኞ ገበያ እህል የሚነግደውን አባቴን ማገዝ እችላለሁ። እስካሁን የማውቀው ኤክሴልን በመጠኑ፣ ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር በላቦራቶሪ ደረጃ፣ ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ደግሞ ለአንድ የቤት ሥራ ያህል ነው።

ሁለት ነገሮች ያሳስቡኛል። የራሴ ላፕቶፕ የለኝም፤ ከእህቴ ጋር በፈረቃ ነው የምንጠቀመው። በተጨማሪም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሁሉም ተመራቂ የመውጫ ፈተና ስለሚጠብቀው፣ ከባድ ኢሌክቲቭ ወስጄ ለዋና ዋና ኮርሶቼ የሚሆነኝን ጊዜ እንዳላጣ እፈራለሁ። በሥራው ላይ ያላችሁ ወይም ኮርሶቹን ያስተማራችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ

ሰላም ወንድሜ። ኮምቦልቻ ባለ አንድ ፋብሪካ በንብረት አስተዳደርና በወጪ ሂሳብ ክፍል አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። በየክረምቱ ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን የምቀበለው እኔ ስለሆንሁ፣ ክፍል ውስጥ የተማሩትና መጋዘን ውስጥ የሚጠብቃቸው የቱ ላይ እንደሚለያይ በቅርብ አያለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ ከሁሉ በፊት ዳታቤዝን ያዝ። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ።

ዓምና አለቃዬ አንድ ጥያቄ አቀረበልኝ። ጥሬ ዕቃ ከተጠየቀበት ቀን አንሥቶ መጋዘን እስኪገባ ድረስ በአማካይ ስንት ቀን ይፈጃል? በጅቡቲ በኩል የሚመጣው ዕቃ ሲዘገይ ምርት ስለሚቆም፣ ጥያቄው ተገቢ ነበር። የ2015 እና የ2016 ዓ.ም. መዝገብ በኤክሴል ተይዞ ስለነበር የግማሽ ቀን ሥራ ነው ብዬ ተቀመጥሁ። ስሌቱ ሲወጣ ግን አንዳንዱ ዕቃ ገና ሳይጠየቅ ከወራት በፊት መጋዘን እንደገባ ያሳያል፤ ከመዝገቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደግሞ ጭራሽ አይሰላም። መስመር በመስመር ሳየው መንሥኤው የቀን አጻጻፋችን ሆኖ ተገኘ።

እኛ እንደ ልማዳችን ቀኑን አስቀድመን፣ ወሩን አስከትለን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንጽፋለን። ኮምፒዩተሩ ግን በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ስለነበር ወሩን ያስቀድማል። ስለዚህ ኅዳር 5 ቀን 2016 ለማለት 05/03/2016 ብለን የጻፍነውን ሜይ 3 አድርጎ ተቀበለው። ኅዳር 15 ብለን የጻፍነውን ደግሞ፣ በእሱ አቆጣጠር አሥራ አምስተኛ ወር ስለሌለ፣ ቀን መሆኑን ሳያውቀው እንደ ተራ ጽሑፍ በሴሉ ግራ ጠርዝ ላይ ተወው። ጳጉሜን 3 ማለትም 03/13/2016 ያለ አንዳች ተቃውሞ ማርች 13 ሆኖ አለፈ። ከየወሩ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቀኖች ተገልብጠው፣ የቀሩት አሥራ ስምንቱ ከስሌት ውጭ ሆነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያየው ኖሯል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለአንተም ስለሚጠቅምህ እጽፈዋለሁ። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች እንደ ቁጥር ያዝ። ከዚያም ዓመቱን በ365 አባዛ፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚገኘውን ሙሉ ቁጥር ጨምርበት፤ ያለፉትን ወራት እያንዳንዳቸውን 30 ብለህ ደምር፤ በመጨረሻም ቀኑን አክልበት። የሁለት ቀኖችን ውጤት ስትቀናንስ በመካከላቸው ያለውን የቀን ብዛት ታገኛለህ። ለምሳሌ ከጳጉሜን 4 ቀን 2015 እስከ መስከረም 3 ቀን 2016 ብታሰላ 736342 እና 736347 ይሰጥሃል፤ ልዩነቱ 5 ቀን ነው። 2015 ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበት ዓመት ስለነበረ፣ በጣትህ ብትቆጥርም 5 ነው።

ይህን ሁሉ የምነግርህ፣ በዳታቤዝ ኮርስ ገና አንድ መስመር ሳይገባ እያንዳንዱ ዓምድ ምን ዓይነት ነገር እንደሚቀበል አስቀድሞ መወሰን ስላለበት ነው። ኤክሴል የሰጠኸውን ሁሉ ዝም ብሎ ይቀበላል፤ በደንብ የተነደፈ ዳታቤዝ ግን ስህተቱን በር ላይ ይመልሰዋል። አንዳንድ ሰው ዳታቤዝ የሚያስፈልገው መዝገቡ ሲገዝፍ ብቻ ይመስለዋል። አንድ የኤክሴል ገጽ 1,048,576 ረድፍ ስለሚይዝ የእኛን መሰል መጋዘን መዝገብ ለመያዝ አያንሰውም፤ ችግራችን የመዝገቡ ብዛት ሆኖ አያውቅም።

ኢአርፒን በተመለከተ ሐሳቡ ትልቅ ነው። የግዢ ትዕዛዙ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሞዴል 19 የሚባለው የዕቃ ገቢ ደረሰኝና የአቅራቢው የሽያጭ ደረሰኝ ካልተገጣጠሙ ክፍያ እንዳይወጣ የሚያደርገው አሠራር ለሂሳብ ባለሙያ የዕለት እንጀራው ነው። ሆኖም ሶፍትዌሩ ላቦራቶሪ ውስጥ ተጭኖ በእጃችሁ የማትሠሩበት ከሆነ፣ ሥራ ስትገባ በሁለት ወር የምትለምደውን ነገር በስላይድ ብቻ አይተህ ትወጣለህ።

የስታቲስቲክስ መምህር

ከላይ የተሰጠው ምስክርነት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የቀኑን ስሌት ለተማሪዎቼ እንዳሳይ ጸሐፊው ይፈቅዱልኛል ብዬ አምናለሁ። በአንድ ነጥብ ላይ ግን እለያለሁ። መዝገቡ ንጹሕ ከሆነ በኋላ የሚመጣው ስህተት ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ድምዳሜው ይሳሳታል፤ ያንን ደግሞ የትኛውም ዳታቤዝ በር ላይ አይመልሰውም።

ጠያቂው አባቱ ሰኞ ገበያ እንደሚነግዱ ስለገለጸ ከዚያው ልነሣ። የአንድ ሱቅ የሚያዝያ 2016 ሽያጭ ከሚያዝያ 2017 ሽያጭ ጋር ተነጻጽሮ ሁለተኛው በጣም ዝቅ ብሎ ታየ እንበል። ልምድ የሌለው ተንታኝ ንግዱ ተቀዛቅዟል ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር የዋለው ሚያዝያ 2 ሲሆን ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 27 ነበር፤ ሁለቱም በዓላት በአንድ ወር ውስጥ ወደቁ። በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 12 ሲውል፣ ዒዱ ግን ወደ ኋላ ሄዶ መጋቢት 21 ላይ ዋለ። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት አሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚያጥር በዓሉ በየዓመቱ ወር ለወር ይጓዛል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ በሚሸምትበት በወሎ፣ የበዓላትን ዓምድ ያልያዘ የሽያጭ ትንተና ከንቱ ድካም ነው። በዚህ ላይ በደቡብ ወሎ ደጋማ ክፍል የበልግ ምርት መኖሩ የእህል ዋጋን ከመኸር ብቻ ከሚያመርተው አካባቢ የተለየ መልክ ይሰጠዋል። ከውጭ አገር መማሪያ መጽሐፍ ላይ የተወሰደ ምሳሌ ይህንን አያስተምርም፤ አካባቢውን የሚያውቅ ተማሪ ራሱ ማምጣት አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ አማካይ የሚባለው ቃል ነው። አምስት ጭነቶች በ18፣ በ20፣ በ21፣ በ22 እና በ199 ቀናት ገቡ ብንል አማካዩ 56 ይሆናል፤ ነገር ግን 56 ቀን የፈጀ ጭነት አንድም የለም። በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚገኘው 21 እውነቱን ይበልጥ ይናገራል። 199ኙ ደግሞ ተጥሎ የሚታለፍ ሳይሆን ለብቻው የሚጠየቅ ነው። ምን አጋጠመው?

ስለዚህ የእኔ ምክር ዳታቤዝና የቢዝነስ ዳታ ትንተና ነው። ቅጹን ከመሙላትህ በፊት ግን የትንተናውን ኮርስ የሚሰጠውን መምህር በአካል አግኝተህ፣ ተማሪዎች የሚሠሩበት መረጃ ከየት እንደሚመጣና ፕሮጀክቱ ከጠቅላላው ውጤት ስንት እጅ እንደሚይዝ ጠይቀው። መረጃው ተጣርቶ የተዘጋጀ ከሆነና ውጤቱ በአብዛኛው በጽሑፍ ፈተና የሚያዝ ከሆነ፣ ኮርሱ ሥዕል ማስዋብ ብቻ ይሆንብሃል። ታይም ሲሪስን ከኢኮኖሜትሪክስ በፊት እንድትወስድ አልመክርህም፤ ሐሳቡ ጥልቅ ስለሆነ መሠረቱ ሳይያዝ የሚገባ አይደለም። የመውጫ ፈተናው የሚያተኩረው በዋና ዋና ኮርሶች ላይ መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የወጪ ሂሳብንና የኦዲትን ጥያቄ የሚሠራ ተማሪ በእውነተኛ መዝገብ ላይ የሠራውን በቀላሉ አይረሳም።

የብድር ባለሙያ፣ ደሴ ፒያሳ

ወንድሜ፣ አብሽር፤ ላፕቶፕ ባይኖርህም ይሠራል። እኔ ከተመረቅሁ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ የዳታቤዝ ትምህርቴን የጨረስሁት በሰው ላፕቶፕ ነው። ኤስኪውላይት የሚባለው ዳታቤዝ በነፃ የሚገኝ፣ ሰርቨር የማይፈልግና በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ እንኳ የሚሠራ ሲሆን፣ ሥራህ በሙሉ በአንድ ፋይል ስለሚቀመጥ በፍላሽ ይዘኸው ትዞራለህ። የእህትህ ፈረቃ ሲደርስ ፋይሉን ይዘህ ላቦራቶሪ ትቀጥላለህ። መብራት በሚጠፋበት ቀን ደግሞ ሠንጠረዦቹን በወረቀት ላይ ንደፍ፤ ከባዱ ክፍል እሱ ስለሆነ ጊዜው አይባክንም።

የምሠራበትን ተቋም ስም ሳልጠቅስ አንድ ያጋጠመኝን ልጨምር። የተበዳሪዎችን ዝርዝር ከሁለት ቅርንጫፎች አንድ ላይ እንድናደርግ ታዘዝን። መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሐመድ፤ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ። ለእኛ አንድ ስም የሆነው ለኮምፒዩተሩ ሌላ ሌላ ሰው ነው፤ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኮድ አላቸውና። በተቃራኒው ደግሞ በስም፣ በአባት ስምና በአያት ስም ፍጹም አንድ የሆኑ ሦስት ደንበኞች ነበሩን፤ አንዱ የጨረሰውን ብድር ሌላው እንደተበደረ ሆኖ ተመዝግቦ ሰውየው መስኮት ላይ ቆሞ ሲሟገት አይቻለሁ። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞት ስለነበር ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ ስምን መለያ አድርጌ አላውቅም፤ መለያው ቁጥር መሆን አለበት። ፋይዳ ቁጥር መምጣቱ ይህንን ሥራ በብዙ እያቀለለው ነው።

ቁጥርም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የስልክ ቁጥር ኤክሴል ላይ እንደ ቁጥር ከገባ የመጀመሪያዋ ዜሮ ትጠፋለች። ረዘም ያለ የሂሳብ ቁጥር በአሕጽሮት ይታያል፤ ከ15 አሃዝ ካለፈ ደግሞ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ወደ ዜሮ ይለወጣሉ፤ የጠፋውም አይመለስም። እንደነዚህ ያሉትን ከመጀመሪያው እንደ ጽሑፍ አስገባቸው።

የሰው መረጃ በእጅህ ሲገባ ኃላፊነቱም አብሮ ይመጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ፣ ለክፍል ፕሮጀክት ብለህ የደንበኞችን ስምና ስልክ ከአንድ ድርጅት አውጥተህ መጠቀም አትችልም። አባትህ የዱቤ ደብተር እንደሚይዙ እገምታለሁ። በእሳቸው ፈቃድ፣ ስሙን በቁጥር ተክተህ እሱን ለልምምድ ብትጠቀምበት ከየትኛውም የተዘጋጀ መረጃ ይልቅ ያስተምርሃል።

ኢ-ኮሜርስን ግን ጨርሶ አትናቀው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደሴ ላይ ከሱቅ እስከ ባጃጅ የክፍያው አኳኋን ተለውጧል፤ የሂሳብ ባለሙያ ይህንን ማወቅ አለበት። ይሁንና በራስህ ንባብ ልትደርስበት ስለምትችል ከሁለቱ አንዱን ቦታ አትስጠው። ፕሮግራሚንግ መሞከር ካሰኘህም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ የሚሰጥ ሲሆን የዳታ ሳይንስ መግቢያም አለበት፤ በዕረፍት ጊዜህ ውሰደው።

የሆጤ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር እንዳሉት የትንተናውን ኮርስ የሚሰጡትን መምህር አግኝቼ ጠየቅሁ። ፕሮጀክቱ 40 ከመቶ እንደሚይዝ፣ መረጃውንም ተማሪው ራሱ ማምጣት እንደሚችል ነገሩኝ። ስለዚህ ዳታቤዝንና የቢዝነስ ዳታ ትንተናን ሞልቻለሁ።

ትናንት ማታ የአባቴን የዱቤ ደብተር በእሳቸው ፈቃድ አምጥቼ የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾች ለማስገባት ሞከርሁ። ስምን በቁጥር ልተካ ስል፣ ከተበዳሪዎቹ ብዙዎቹ ስም የላቸውም። «ባለ ጋሪው»፣ «የሰይድ እናት»፣ «ከቧንቧ ውሃ የምትመጣው» ተብለው ነው የተጻፉት። አባቴ ግን አንዱንም ሳይሳሳት ማን ማን እንደሆነ ነገረኝ፤ «የሰይድ እናት» እና ሦስት ገጽ አልፎ ያለችው «የጤፍ ወዳጄ» አንድ ሰው ናቸው። ቀኑም ቢሆን አንዳንዱ በቁጥር፣ አንዳንዱ ደግሞ «የመውሊድ ሰሞን» ወይም «ፆም ሲያዝ» ተብሎ ነው የሰፈረው። መለኪያውም ይለያያል፤ ጣሳ፣ ቁና፣ ግማሽ ኩንታል፣ ኪሎ። እነዚህን ወደ አንድ እንዴት እንደማመጣቸው ግራ ገባኝ። ጋሼ፣ መጋዘን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥምዎ ምን ያደርጋሉ?

የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ደብተሩን መክፈትህ ደስ አሰኝቶኛል፤ መምህር ስለ በዓላት ያነሡትም ነገር ሙሉ በሙሉ አሳምኖኛል፤ እኛም መዝገባችን ላይ ልንጨምረው ነው።

መጀመሪያ፣ አባትህ የጻፉትን ቃል እንዳለ የሚይዝ አንድ ዓምድ አድርግ፤ እሱን ፈጽሞ አትንካው። «የመውሊድ ሰሞን» ካሉ እንደዚያው ይቀመጥ። ከጎኑ በዚያ ዓመት መውሊድ የዋለበትን ቀን ጻፍና፣ በሦስተኛ ዓምድ ደግሞ «ግምት» ብለህ ምልክት አድርግበት። ነገ ግምትህ ስህተት ሆኖ ቢገኝ የምትመለስበት ይኖርሃል።

ለሰዎቹ የተለየ ሠንጠረዥ ክፈት። አንድ ሰው አንድ ቁጥር ይኑረው፤ አባትህ ያንን ሰው የሚጠሩባቸው ስያሜዎች ሁሉ ደግሞ በሌላ ሠንጠረዥ በዚያ ቁጥር ሥር ይግቡ። «የሰይድ እናት» እና «የጤፍ ወዳጄ» ሁለቱም ቁጥር 17 ቢሆኑ ዕዳው አንድ ላይ ይደመራል። ይህንን ስታደርግ የዳታቤዝን ኮርስ ሁለት ምዕራፍ ሠርተሃል ማለት ነው። ስያሜዎቹም ሰውን ስለሚያሳውቁ፣ ይህኛው ሠንጠረዥ ከቤት አይውጣ።

መለኪያውን በተመለከተ መጠኑንና የመለኪያውን ስም በአንድ ሴል አትጻፋቸው፤ ለየብቻ ይሁኑ። ከዚያ የአባትህን ጣሳና ቁና በሚዛን አስመዝን፤ ለእያንዳንዱ እህል ለየብቻ። አንድ ጣሳ ጤፍና አንድ ጣሳ ባቄላ እኩል አይመዝኑም፤ የሌላ ነጋዴ ጣሳም ከአባትህ ጣሳ ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። ሦስት ሦስት ጊዜ መዝነህ የመካከለኛውን ውሰድ፤ የመዘንህበትንም ቀን ጻፍ፤ ጣሳው የተለወጠ ዕለት ቁጥሩም ይለወጣልና።

ከዓርብ በኋላ ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ ብትወርድ እኔ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ። የዕቃ ገቢና ወጪ ደረሰኞቻችንን ባዶ ቅጽ አሳይሃለሁ፤ አንተም የነደፍሃቸውን ሠንጠረዦች በወረቀት ይዘህ ና። ደብተሩን ግን ለአባትህ መልስላቸው፤ ቅዳሜ ዱቤ የሚከፍል ሰው ሊመጣባቸው ይችላል።